ሰላምታ የሌለበት ሳምንት

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ!

ይህን የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። ሌሊት ከቤተክርስቲያን ተመልሰን፣ 55ቱን ቀን ጾም ፈትተን፣ ልጆቹ ተኝተዋል። ቤቱ ቄጠማ ቄጠማ ይሸታል። ሳምንቱን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ ነገር ስላለ እንቅልፍ ሳይወስደኝ ላካፍላችሁ።

በሰሙነ ሕማማት ሰላምታ እንደሌለ ታውቃላችሁ። አንሳሳምም፣ አንጨባበጥም፣ ካህናቱም መስቀል አያሳልሙም። ይሁዳ ጌታን በመሳም አሳልፎ ስለሰጠው ነው። ልጅ እያለሁ አያቴ በር ላይ ስታገኘኝ ሁለት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ትደብቅና «እሑድ ይድረስ፣ ያኔ እስምሃለሁ» ትለኝ ነበር። ሳምንቱ ዓመት ይሆንብኝ ነበር። እሑድ ሲደርስ ደግሞ ያጠራቀመችውን ሁሉ ጉንጬ ላይ ታወርደዋለች።

ዘንድሮ ሳስበው፣ የእኛ አገር ሕማማት፣ በአማራ ክልል ጦርነቱ ከተነሣበት ከ2015 ክረምት ጀምሮ አላለቀም። መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ስልክ ሲጠፋና ሲመጣ፣ ልጆች ከትምህርት ገበታ ሲርቁ፣ የተኩስ ድምፅ ሲሰማ በር መዝጋትን ሕፃናት ሳይቀሩ ሲለምዱት ኖርን። ግን ከተኩሱ እኩል የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር አለ። ሰላምታ አቆምን።

ሰፈራችን ውስጥ ሁለት እናቶች አሉ። አንድ የጽዋ ማኅበር ይጠጣሉ። እርሾ የሚበዳደሩ፣ አንዷ ስትወልድ ሌላዋ ገንፎ ያገነፋች ናቸው። የአንዷ ልጅ ጫካ ገባ። የሌላዋ ልጅ መከላከያ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ቡና ላይ አንድ ቃል ተወረወረ፤ ከዚያ ወዲህ ሲተላለፉ መሬት መሬት ያያሉ። እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ከአጎቴ ልጅ ጋር ፌስቡክ ላይ በጻፍነው ነገር ተጣልተን ሁለት ፋሲካ አልፎናል።

ብዙ ሰው «በዚህ መከራ ውስጥ ቤተክርስቲያን ምን ትሠራለች?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከጠያቂዎቹ አንዳንዶቹ ግን የሚፈልጉት የእነሱን ወገን ባርካ ሌላውን እንድትረግምላቸው ነው። እምነት እንደ ባንዲራ ሲውለበለብ ምን እንደሚያመጣ አይተነዋል። በታኅሣሥ 2012 እዚሁ ጎጃም፣ ሞጣ ከተማ፣ «ቤተክርስቲያን ተቃጠለ» በሚል ቁጣ መስጊዶች ተቃጠሉ፣ የሙስሊም ወገኖቻችን ሱቆች ወደሙ። ማተብ ያሰረ አንገት እዚያ አልነበረም ብዬ መዋሸት አልችልም። ይህን በበዓል ቀን ማንሣቴ ቅር የሚያሰኘው ሰው ይኖራል። ይቅርታ፤ ግን ንስሐን ዘልለን ትንሣኤ ላይ መድረስ አንችልም።

ቤተክርስቲያን የምትሠራውን እኔ ያየሁት በሆሣዕና ዕለት ነው። በሕማማት ጸሎተ ፍትሐት፣ ማለትም የሙታን ጸሎት፣ ስለማይደረግ፣ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱት ሁሉ በሆሣዕና ቀድሞ ይጸለያል። ዘንድሮ ከኋላዬ የቆመች ሴት ጸሎቱ ሲጀመር ተንበረከከች። ልጇ እንደሞተ ሰምታለች፤ የት እንደተቀበረ አታውቅም። አስከሬን ሳይኖራት፣ ድንኳን ሳትጥል፣ ለሁሉም በሚጸለየው ጸሎት ውስጥ ልጇን ሸሸገችው። የጸሎቱ ቃል የልጇን ወገን አልጠየቃትም።

እሷን ሳይ አቡነ ቴዎፍሎስ ትዝ አሉኝ። ከዚሁ ከጎጃም፣ ከደብረ ኤልያስ የተገኙ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ናቸው። ደርግ በ1968 ከመንበራቸው አወረዳቸው፣ በ1971 ገደላቸው። አፅማቸው ወጥቶ በክብር ያረፈው በ1984 ነው። ቤተክርስቲያንም የአባቷን አስከሬን አጥታ 13 ዓመት ኖራለች። የዚያችን ሴት ለቅሶ በወሬ ሳይሆን በራሷ ታውቀዋለች። ሰላምታ መነፋፈጉንም ታውቀዋለች፤ አባቶቻችን የአገር ቤትና የስደት ሲኖዶስ ተባብለው ከ20 ዓመት በላይ ተለያይተው ነው በሐምሌ 2010 የታረቁት። ዕርቁ ዘገየ፣ በጣም ዘገየ። ግን ሆነ።

ዓርብ ስቅለት ከስግደቱ በኋላ ለጥብጠባ፣ ቄሱ በደላችንን ሰምተው በወይራ መታ አድርገው ስግደት ለሚያዙበት ሥርዓት፣ ወረፋ ያዝኩ። ቄሱ ወይራውን ይዘው ጎንበስ አሉ።

«ምን በደልህ ልጄ?»

«ሰው ጠልቻለሁ።»

«ማንን?»

ዝም አልኩ። አንድ ሰው አልነበረማ። «ብዙ ናቸው አባ» አልኳቸው።

«ስማቸውን ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም።»

ወይራው ጀርባዬ ላይ አረፈ። ከወትሮው ጠንከር ያለ መሰለኝ። «ስሙን ለማታውቀው ሰው 41 ስገድ» አሉኝ። «በየስግደቱ እናቱን አስባት።»

ሰገድኩ። ሃያኛው ላይ ስደርስ የሁለቱ ጎረቤቶቼ ፊት ተቀላቀለብኝ። የትኛዋን እናት እያሰብኩ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

ሌሊቱን ደግሞ ይህን አየሁ። መብራቱ ሄዶ ነበር። ጧፍ ከጧፍ እየተቀባበልን ስንለኩስ ሁለቱ እናቶች ሳያስቡት ጎን ለጎን ቆመዋል። የአንዷ ጧፍ ጠፋ። ሌላዋ ዘወር ሳትል እጇን ዘርግታ ጧፏን ጠጋ አደረገችላት። ቅዳሴው ላይ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲል፣ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ ማለቱ ነው፣ ሁላችንም ወደ ግራና ወደ ቀኝ እጅ ነሣን። የመከላከያው እናት ቀድማ ጎንበስ አለች። የጫካው እናት ቆየች። እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ከዚያ እሷም ጎንበስ አለች። ቃል አልተነጋገሩም፤ ወደየቤታቸው ሄዱ። ታረቁ ብዬ አልነግራችሁም። ሽምግልናው፣ ደም ማድረቁ፣ ጥፋትን በአደባባይ ማመኑ ገና ይቀረናል፤ አገሩም ሁሉ ይቀረዋል።

ከዛሬ ጀምሮ ግን እንደ ሥርዓታችን ሰላምታችን ሌላ ነው። አንዱ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ይላል፣ ሌላው «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብሎ ይመልሳል። እየተቀባበሉ ይሄዱና «ሰላም» ላይ ይደርሳሉ። ይህን ሰላምታ ብቻውን የሚጨርሰው ሰው የለም። የሚመልስ ይፈልጋል።

በየመጠለያው፣ በየእስር ቤቱ፣ በየምሽጉ፣ በየሐዘን ቤቱ በዓሉን የምታሳልፉ ሁሉ፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ዛሬ ከእኛ ጋር ቡና የምትጠጡ፣ ሰላሙን ለሁላችን ያድርግልን። እኔ ይህን ለጥፌ ለአጎቴ ልጅ ልደውል ነው። ኔትወርኩ እሺ ካለኝና ካነሣው፣ ስለዚያ ጽሑፍ አላወራም። «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ነው የምለው። መልሱን እሱም ያውቀዋል።