ጥምቀት ሲቃረብ ስለ ኬሚካል ፒል

ታኅሣሥ ሲገባ የፊት ነገር ይነሳል፤ ለጥምቀት ማድያቴ ይጥፋልኝ፣ የብጉር ጠባሳዬ ይሂድልኝ። እኔ ብጠየቅ ጎንደር ላይ ኬሚካል ፒል፣ ማለትም የፊትን የላይኛ ቆዳ በአሲድ መላጥ፣ ለመጀመር ከዚህ የከፋ ጊዜ የለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ገና በተላጠ ፊት ጥር 11 ቀን ሙሉ በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ዳር የቆመ ሰው ማድያቱን አብሶ ይመለሳል። ክረምት ይሻላል፣ ያኔም የፀሐይ መከላከያው ሳይቀር።

ሰው የሚፈራው አሲዱን ነው። ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ ግን ዋናው ስጋት ቆዳው ተቆጥቶ የሚተወው ጥቁረት ነው። ስለዚህ ከ2 እስከ 4 ሳምንት አስቀድሞ በየቀኑ የፀሐይ መከላከያ፣ ሐኪም ካዘዘም ጥቁረት የሚቀንሰውን ሃይድሮኪኖን መቀባት ያስፈልጋል። ትሬቲኖይን የተባለውን የብጉር ቅባት የሚቀባ ሳምንት ሲቀረው ያቆማል። ከንፈሩ ላይ ምች የሚወጣበት ሰው አስቀድሞ ይናገር፤ ፒሉ ሊቀሰቅሰው ይችላል፣ አሲክሎቪር በተባለው መድኃኒት ግን መከላከል ይቻላል። ከሁሉ በላይ የሚደበቀው ከሱቅ የተገዛው ፊት የሚያቀላ ክሬም ነው። ስቴሮይድ ካለበት ቆዳውን ያሳሳዋል፤ በሳሳ ቆዳ ላይ አሲዱ ከታሰበው በላይ ይጠልቃል።

ሥራው ራሱ አጭር ነው። ፊት ታጥቦ ወዙ በአልኮል ወይም በአሴቶን ይጠረጋል፤ በደንብ ካልተጠረገ አሲዱ አንዱ ጋ ገብቶ ሌላው ጋ ይቀርና ፊት ዝንጉርጉር ይሆናል። የዓይን ጥግ፣ የአፍንጫ ሥርና የከንፈር ዳር ቫዝሊን ይቀባል። ለብጉር ከ20 እስከ 30 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ ሲቀባ ማቃጠሉ እስከ 3 ደቂቃ ይጨምራል፣ ከዚያ ይደነዝዛል። ፊት ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስለው ነጭ ነገር ያስደነግጣል እንጂ የደረቀው መድኃኒት ነው፤ በውኃ ይታጠባል። ግላይኮሊክ አሲድ ግን በራሱ አይቆምም፣ በሶዲየም ባይካርቦኔት መርከስ አለበት። እዚህ ላይ ጥሩ ባለሙያ ከሰዓቱ ይልቅ ፊቱን ነው የሚያየው። በጥቁር ቆዳ መቅላት በቀላሉ አይታይም፤ አንድ ቦታ ነጣ ካለ ወይም ሰውዬው «እዚህ ጋ በጣም ለበለበኝ» ካለ ሰዓቱ ሳይሞላም ያቆማል።

በመጀመሪያው ቀን ፊት ይወጠራል። በ3ኛው ቀን ገደማ ከአፍ ዙሪያ ጀምሮ ይቀረፋል፣ በሳምንቱ ያልቃል። ቅርፊቱን የጎተተ ሰው ለወራት የሚቆይ ጥቁር ነጥብ ያተርፋል። ለስላሳ ሳሙና፣ ቫዝሊን፣ የSPF ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ፣ ውጭ ሲዋል በየ2 ሰዓቱ። ሎሚ ፈጽሞ አይነካ። እንጀራውን ለሳምንት ሌላ ሰው ይጋግር፤ የምጣድ ሙቀትም ማድያት ያስነሳል።

በአንድ ጊዜ የሚጠፋ ነገር የለም። በ2 ወይም በ4 ሳምንት ልዩነት ከ4 እስከ 6 ጊዜ ይሠራል። ማድያት ቢለቅም ይመለሳል፣ የጎደጎደ ጠባሳም በቀላል ፒል አይሞላም። እንዲያ ሲባል «ጠንከር ያለውን አድርጉልኝ» የሚል አይጠፋም። በጥልቀት የሚልጠው ፌኖል ለእኛ ቆዳ አይሆንም። ሕመሙ ከ3 ቀን በኋላ ከባሰ፣ ውኃ ከቋጠረ ወይም መግል ከያዘ ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ወደ ቆዳ ሐኪም ነው።