ለሣር ሜዳ የምትሆን ትንሽ አውሮፕላን ስንመርጥ

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የእህቴ ልጅ ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ባለች ቡና ቤት ማኪያቶ ጋበዘኝ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወደኔ አዞረው። ፎቶው ላይ ነጭና ቀይ ሴስና 172፣ ባለ አራት መቀመጫ ትንሽ አውሮፕላን፣ ቆማለች። «ጋሼ፣ ይህቺን ልገዛ ነው። ዋጋዋም ደህና ነው። እስቲ ይዩልኝ» አለኝ።

ምዕራብ ውስጥ የቡና እርሻ አለው። ክረምት ሲገባ መንገዱ ይበላሻል፤ ጭቃው መኪና ይዞ ያድራል። እርሻው ጥግ ላይ 900 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የሣር ሜዳ አለ። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ማረፍ ነው የፈለገው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የአውሮፕላን ቴክኒሻን ነኝ። ዕድሜዬን የትልልቅ አውሮፕላን ሞተር ስፈታና ስገጥም ነው የኖርኩት። ስለዚህ ብዙም ሳላስብ «172 ጥሩ ናት፣ ግዛት» አልኩት። በዓለም ላይ እንደሷ በብዛት የተመረተ አውሮፕላን የለም፤ ከ44,000 በላይ ተሠርቷል። መለዋወጫዋ ይገኛል፣ የማያውቃት መካኒክ የለም። ያልኩት ሁሉ እውነት ነው። መልሱ ግን ስህተት ነበር።

ማታ ልደታ ቤቴ ገብቼ ደብተር አወጣሁ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የተሠራችው ባለ 160 ፈረስ ጉልበት 172፣ ሙሉ ጭኗን በባሕር ወለል ላይ፣ በደረቅ አስፋልት፣ 15 ሜትር ከፍታ ያለውን መሰናክል አልፋ ለመነሳት 440 ሜትር ያህል ትፈልጋለች። ማኑዋሉ እንዲህ ይላል። ከዚያ የእንግሊዝ ሲቪል አቪዬሽን ለትንንሽ አውሮፕላኖች የሚመክረውን ግምት ተጠቀምኩ። በየ1,000 ጫማ (305 ሜትር ገደማ) ከፍታ 10 በመቶ ይጨመራል። በየ10 ዲግሪ ሙቀት ሌላ 10 በመቶ። ለደረቅ ሣር 20 በመቶ። እነዚህ አይደመሩም፣ ይባዛሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

እርሻው ላይ ከሰዓት በኋላ 27 ዲግሪ ይደርሳል ብዬ ሳባዛው 440 ሜትሩ ወደ 1,000 ሜትር ወጣ። እዚያው ምክር ላይ ለጥንቃቄ በ1.33 አባዙ ይላል። 1,330 ሜትር ሆነ። ሜዳው 900 ነው። ሣሩ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ከዚህም ይብሳል።

ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ደግሜ ሠራሁት። እንቅልፍም አልወሰደኝም። ልጁ በኔ ቃል ገንዘብ ሊከፍል ነበር።

የአዲስ አበባም ነገር አለ። ቦሌ 2,334 ሜትር ላይ ነው። 24 ዲግሪ በሆነ ቀን አየሩ ሳስቶ ሞተሩ 10,500 ጫማ (3,200 ሜትር) ላይ ያለ ያህል ነው የሚተነፍሰው። አየር አምቆ የሚያስገባ ተርቦ የሌለው ባለ 160 ፈረስ ጉልበት ሞተር እዚያ የሚሰጠው 110 ገደማ ብቻ ነው። ቦሌ አስፋልቱ ረጅም ስለሆነ ትነሳለች፤ ግን ቀስ እያለች ነው የምትወጣው። ከተማችን ደግሞ ዙሪያዋን ተራራ ነው።

በማግስቱ ደወልኩለትና «ተሳስቻለሁ፣ ገንዘብ እንዳትልክ» አልኩት። ዝም አለ። ወዷት ነበር። ከሻጩ ጋር ደግሞ ለቀብድ ተነጋግረው ጨርሰዋል። «እሺ፣ ቢያንስ አንድ ፎቶ አስልክ» አልኩት። «ከሞተሩ ጀርባ ያለውን ግድግዳ፣ ፋየርዎሉን፣ ከታች በኩል ያንሱልህ።»

172ን ሻካራ ሜዳ ላይ የሚያውቃት ሰው ይህን ነው ቀድሞ የሚጠይቀው። የፊት ጎማዋ ኃይሉን ሁሉ የሚያሳርፈው እዚያ ላይ ነው። ጉድጓድ ውስጥ በኃይል ከገባች ቀጭኑ ቆርቆሮ ይጨማደዳል። ፎቶው ከስንት ልመና በኋላ መጣ። አስፍቼ አየሁት። በስተግራ ቆርቆሮውን አያይዞ የያዘው የሪቬቱ መስመር ቀጥ ማለቱን ትቶ እንደ ታጠፈ ወረቀት ተኮማትሯል። ሁለት ሪቬቶች ዙሪያቸው ጠቁሯል፤ ሲላሉና ሲፋተጉ የሚያመጡት ጥቁረት ነው። ላዩ ላይ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ሻጩ ስለዚህ አንድም ቃል አልተነፈሰም ነበር። እዚያው ተውናት።

ሌሎቹን በፍጥነት አየናቸው። ሴስና 182 ባለ 230 ፈረስ ጉልበት ናት፤ ግን ሙሉ ጭነት ይዛ ከመሬት ለመነሳት የምትፈልገው ርቀት ከ172 ብዙም አያንስም። ጭነቷን ሲቀንሱላት ነው ሜዳው የሚበቃት፣ ያኔ ደግሞ አራቱ መቀመጫ ትርጉም ያጣል። ሴስና 206 ጎበዝ ናት፣ ዋጋዋና የነዳጅ ፍጆታዋ ግን ከአቅሙ በላይ ሆነ። ፒላተስ ፖርተርን ማን ይጠላል? ዋጋው የሌላ ሰው ነው። ዜኒት 701 በሚባለው፣ ተገጣጣሚ ሆኖ በሚሸጠው ላይ ብዙ ቀን አሰብኩ። በጣም አጭር ቦታ ይበቃዋል፣ የሮታክስ ሞተሩም የመኪና ቤንዚን ይጠቀማል። ግን እዚህ ሰው በእጁ የገጣጠመውን አውሮፕላን ማስመዝገብ ምን እንደሚጠይቅ ሳናውቅ ዕቃ ማዘዝ አልፈለግንም።

ወሳኙ ጥያቄ የመጣው ከደብተሩ ሳይሆን ከእህቴ ነው። እሁድ ቤቷ ምሳ እየበላን ስንከራከር ሰማችንና «ለመሆኑ ስንት ሆናችሁ ነው የምትሄዱት?» አለች። ልጁ ቆጠረ። አብራሪውና እሱ። አንዳንዴ አብራሪውና የእርሻ ባለሙያው። በዓመት ሁለት ጊዜ ምናልባት ሦስት ሰው። ቡናውን የሚያወጣው የጭነት መኪና ነው። አራት መቀመጫ ለሁለት ጉዞ ብሎ ዓመቱን ሙሉ መሸከም ምን ይባላል?

ከዚያ በኋላ ፓይፐር ሱፐር ከብ ራሷ መጣች። እ.ኤ.አ. በ1949 ገበያ ላይ የወጣች፣ ሁለት ሰው አንዱ ካንዱ ኋላ የሚቀመጥባት፣ ክንፍና ገላዋ በጨርቅ የተሸፈነ አውሮፕላን ናት። ባለ 150 ፈረስ ጉልበቷ ያን 15 ሜትር መሰናክል በ152 ሜትር ታልፋለች ይላል ማኑዋሉ። በዚያው በኔ ሒሳብ፣ ከፍታውን፣ ሙቀቱን፣ ሣሩንና የጥንቃቄውን 1.33 ጨምሬ ሳባዛው 460 ሜትር ገደማ ሆነ። 900 ሜትር ሜዳ ላይ ግማሹ ይተርፋል። ደብተሩን ዘግቼ ሻይ አፈላሁ።

ጉድለቷም መነገር አለበት። ቀርፋፋ ናት፤ በሰዓት 185 ኪሎ ሜትር ብትሄድ ነው፣ ትልልቅ ጎማ ሲገጠምላት ደግሞ ከዚያም ታንሳለች። ከኋላ መቀመጫው ጀርባ የሚፈቀደው ዕቃ 23 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። ሦስተኛው ጎማ ጅራቷ ላይ ስለሆነ አብራሪው ካልሠለጠነባት መሬት ላይ ዞራ ክንፏን ትመታለች። ክብደቷ ከዋናዎቹ ጎማዎች ኋላ ስለሚያርፍ ጅራቷ ሁልጊዜ ቀድሞ መሄድ ይፈልጋል። የቀጠርነው አብራሪ ይህን ለብቻው መማር ነበረበት፤ የሥልጠናውን ወጪም ከዋጋው ጋር ደምረነዋል።

አንዳንድ ሰው የጅራት ጎማ ሲባል ኋላ ቀር ይመስለዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገበት ሲ-47 የጅራት ጎማ ነበረው። ያን አውሮፕላን ድንጋይና ሣር አላስቆመውም። የፊት ጎማ ከሌለ በጉድጓድ የሚሰበር የፊት ጎማም የለም፣ ፕሮፔለሩም ከጠጠሩ ራቅ ይላል።

የምትሸጥ አንዲት ሱፐር ከብ ናይሮቢ፣ ዊልሰን ኤርፖርት ተገኘች። ዊልሰን ከባሕር ወለል በላይ 1,690 ሜትር ያህል ነው፤ ከእርሻችን ጋር እኩል ማለት ይቻላል። እዚያ ስትነሳ ያየኋትን እርሻው ላይም እንደማያት አውቄ ነው የሄድኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ፈተሽኳት። ጨርቁን በአውራ ጣቴ ከላይ በኩል፣ ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ ተጫንኩት፤ እንደ ከበሮ መለሰልኝ። ክንፉን ከታች ደግፈው የያዙት ቱቦዎች ከውስጥ ነው የሚዝጉት፣ ከውጭ ያማረ ቀለም ይዘው ይበሰብሳሉ። ለዚህ ነው በየሁለት ዓመቱ እንዲመረመሩ ትእዛዝ የወጣባቸው። እዚህኛዋ ላይ ውኃና አየር እንዳይገባባቸው በታሸጉ አዳዲስ ቱቦዎች ተቀይረዋል፣ ወረቀቱም አለ። ያን ወረቀት ሳይ ነው ልቤ ያረፈው።

ነዳጁ ግን እስከ መጨረሻው አስጨንቆናል። የጄት ነዳጅ እንደልብ ይገኛል፤ ለእንዲህ ዓይነት ሞተር የሚሆነው አቭጋስ በርሜል ቆጥሮ፣ ቀድሞ አስቦ የሚያዝ ነገር ነው። ይህች ሞተር ፈቃዱ ከተሟላላት በመኪና ቤንዚንም ትሠራለች፣ ኢታኖል የሚባለው አልኮል ግን ፈጽሞ መኖር የለበትም። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ ኢታኖል ይቀላቀል እንደነበር አስታውሳለሁ። ስለዚህ በረንዳዬ ላይ ራሴ ሞከርኩት። ቀጭን ጠርሙስ ውስጥ ትንሽ ውኃ ጨምሬ መስመሩን በእስክሪብቶ ምልክት አደረግኩ። አሥር እጥፍ ቤንዚን ጨመርኩበት፣ ከደንኩት፣ በደንብ ናጥኩት፣ አስቀመጥኩት። ኢታኖል ካለ ከውኃው ጋር ስለሚቀላቀል መስመሩ ከምልክቱ በላይ ይወጣል። አልወጣም። ቢሆንም የአንድ ቀን ቤንዚን ለሌላ ቀን ምስክር አይሆንም፤ ቤንዚን ደግሞ ከፍታና ሙቀት ላይ ቶሎ ተንኖ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የነዳጅ ቧንቧ ይዘጋል። በአቭጋስ ተስማማን። የዓመቱን በርሜል ቆጥረን በጀቱ ውስጥ አስገባነው።

ለሌላ ሰው የምመክረው ካለ፣ ሜዳውን ቀድማችሁ በእግራችሁ ሂዱበት። እኛ ይህን ያደረግነው መጨረሻ ላይ ነው፣ መጀመሪያ መሆን ነበረበት። ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣኑም ስለ ዓይነቷና ስለ ዕድሜዋ በጽሑፍ ሳትጠይቁ ቀብድ አትክፈሉ። እኛ ጠይቀን መልሱን ይዘን ነው የከፈልነው።

ሜዳው ላይ ስንሄድ ሣሩ ከሩቅ እንደ ምንጣፍ ይመስል ነበር። ውስጡ ግን ሦስት የአዋልዲጌሳ ጉድጓድና እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ኩይሳ አገኘን። ታችኛው ጫፍ ዋልካ አፈር ነው፤ ሲዘንብ ጎማ ላይ ይጠመጠማል። ከዚያኛው ጫፍ 150 ሜትሩን ለክረምት ከሒሳብ አወጣነው። ጉድጓዶቹን ሠራተኞቹ በድንጋይና በአፈር ጠቀጠቋቸው፣ ኩይሳውንም አፈረሱት።

አውሮፕላኗ አሁን ናይሮቢ ወረቀቷን እየጠበቀች ነው። የእህቴ ልጅ በየሳምንቱ ሜዳውን ዞሮ ያየዋል። ትናንት ማታ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ያ ኩይሳ እንደገና ብቅ ብሏል፣ አንድ ስንዝር ሆኗል» አለኝ። «ከሥሩ ቆፍራችሁ አውጡት» አልኩት። ነገ ጠዋት ይጀምራሉ።