ስቶክሆልምን በውሃዋ ዳር

ስቶክሆልም በ14 ደሴቶች ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ከምዕራብ የሜላሬን ሐይቅ ጨው አልባ ውሃ ወደ እርሷ ይወርዳል፤ ከምሥራቅ የባልቲክ ባሕር እስከ መሐል ከተማዋ ይዘልቃል፤ ሁለቱ የሚገናኙትም በንጉሡ ቤተ መንግሥትና በአሮጌው ከተማ ሥር ነው። እኔና ባለቤቴ የሐዋሳ ልጆች ነን፤ ሁለታችንም ያደግነው ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ሰፈር ነው። ስለዚህ እዚያ የሚኖሩት የባለቤቴ ታላቅ እህት በሰኔ ወር እንድንጠይቃቸው ሲጋብዙን፣ ገና ቪዛው ሳይወጣ ካርታ ዘርግተን የተነጋገርነው ስለ ውሃው ዳርቻ ነበር።

ሰኔ ለዚህ ዓይነቱ ጉብኝት የተመቸ ወር ነው። ፀሐይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ትወጣና ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ትጠልቃለች፤ ከዚያም በኋላ ሰማዩ ፈጽሞ አይጨልምም። ዓመቱን ሙሉ ቀንና ሌሊቱ ከሞላ ጎደል እኩል በሆነበት አገር ለኖረ ሰው ይህን ብርሃን መልመድ ቀላል አይደለም፤ መጋረጃው ካልተዘጋ እንቅልፍ የለም። ነገር ግን እትዬ ከሥራ ተመልሰው፣ እራት ተበልቶ፣ ቡና ተጠጥቶም ቢሆን ረጅም የእግር ጉዞ ለማድረግ የሚበቃ ቀን ይተርፍ ነበር፤ ከተማዋንም በደንብ ያየናት በእነዚህ ምሽቶች ነው።

ጋምላ ስታን የሚባለውን አሮጌውን ከተማ ጎብኚ ሁሉ ስለሚያየው እኛም አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ1520 የዴንማርኩ ንጉሥ ክርስቲያን ሁለተኛ የስዊድንን መኳንንትና ጳጳሳት ያስገደለበት አደባባይ ዛሬ ሰዎች ተቀምጠው ቡና የሚጠጡበት ቦታ ሆኗል። ከሁሉ የጠበበው መተላለፊያ በጠባቡ በኩል ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሊያልፍበት አይችልም። ይሁን እንጂ እኔን ይበልጥ የማረከኝ ከዚህ ሁሉ ጥቂት እርምጃ አልፎ፣ የሐይቁ ውሃ በቤተ መንግሥቱ ጎን እየተጣደፈ ወደ ባሕሩ የሚወርድበት ቦታ ነው። ድልድዩ ላይ ሰዎች ቆመው በመቃጥን ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ለዚህም ምንም አይከፍሉም፤ የሚጠብቁትም ሳልሞንና ትራውት ነው። ባለቤቴ ልጅ ሳለ አሞራ ገደል ወደሚባለው የሐዋሳ የዓሣ ገበያ እየሄደ ቆሮሶና አምባዛ ከሚያወርዱት ጀልባዎች አይለይም ነበርና፣ ከዚያ ድልድይ ለመነሣት ፈቃደኛ አልሆነም። «እትዬ፣ እውነት ይህ ዓሣ ይበላል?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ «እዚህ መሐል ከተማ ተይዞ እዚሁ ይበላል» አሉት።

ይህ መልስ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ የገባን ቫሳ ሙዚየም ከገባን በኋላ ነው። ቫሳ በንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ ትእዛዝ የተሠራች፣ 64 መድፎች የተጫኑባት የጦር መርከብ ነበረች። ከመነሣቷ በፊት 30 ሰዎች ከአንዱ ጎኗ ወደ ሌላው እየተመላለሱ እንዲሮጡ ተደርጎ መረጋጋቷ ሲፈተን፣ መርከቧ ክፉኛ ስለተናወጠች ፈተናው ተቋረጠ፤ ቢሆንም ጉዞዋን ያስቆመ ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 10 ቀን 1628 ሸራዋን ዘርግታ ስትነሣ፣ 1,300 ሜትር ያህል ብቻ ተጉዛ ነፋስ አጋደላት፤ ውሃው በተከፈቱት የመድፍ መስኮቶች ገባ፤ የከተማው ሕዝብ ከዳር ቆሞ እያየም ሰጠመች። ከላይ ከብዳ ከታች ቀልላ፣ ወገቧም ለቁመቷ ጠብቦ መሠራቷ ነበር ምክንያቱ። ከ333 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1961፣ ከ30 ሜትር በላይ ከሚሆን ጥልቀት ተነሥታ ወጣች። እንጨቱ ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅና እንዳይኮማተር ፖሊኢቲሊን ግላይኮል የተባለ ኬሚካል 17 ዓመት ያህል ሲረጭባት ቆየ።

መርከቧ በዓይን ስትታይ ቃል ያሳጥራል። አዳራሹ ቀዝቀዝና ደብዘዝ ያለ ነው፤ የኋላዋ አንበሶችና ነገሥታት እንደ ቤተ ክርስቲያን በር ተቀርጸውበት ከፎቅ ፎቅ ይወጣል፤ ከምናየውም እንጨት አብዛኛው ያው የጥንቱ ነው። እኔ ግን ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ይህን ያህል ዘመን እንዴት ሳትበሰብስ እንደቆየች የሚገልጸው ክፍል ነው። አንደኛው ምክንያት የባልቲክ ጨው ጥቂት በመሆኑ እንጨት እየቦረቦረ የሚያጠፋው የባሕር ትል በዚያ አለመኖሩ ነው። ሁለተኛው የከተማዋ ቆሻሻ ነው። የስቶክሆልም ፍሳሽ ለረጅም ዘመን ያለ ማጣሪያ ወደዚሁ ውሃ ይለቀቅ ስለነበር፣ በወደቡ ግርጌ ኦክስጅን አልቆ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሞልቶበት፣ እንጨትን የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን እንኳ መኖር ተስኗቸው ነበር። በዚያ ጊዜ እንጨቱ ውስጥ የገባው ድኝ፣ ከዛጉት ብሎኖች ብረት ጋር ሆኖ፣ ዛሬም አሲድ እየፈጠረ ለጠባቂዎቿ ሥጋት ሆኗል። ስለዚህ ቫሳ ዛሬ ሰው ዓሣ የሚያጠምድበት ውሃ ትናንት ምን እንደነበረ በገላዋ ተሸክማ ቆማለች።

ከዚያ በኋላ የጉብኝታችን ሐሳብ አንድ ሆነ፤ ውሃው እንዴት ተመለሰ? መልሱ በአንድ ሰው ወይም በአንድ ዘመቻ የሚነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1941 ሄንሪክስዳል በሚባል ቦታ ዐለት ተፈልፍሎ የተሠራ የፍሳሽ ማጣሪያ ሥራ ጀመረ። ከላዩ ኮረብታ፣ በኮረብታውም ላይ መኖሪያ ቤቶች ስላሉ፣ የሚያልፍ ሰው ከሥሩ የአንድ ከተማ ፍሳሽ እንደሚጣራ አያውቅም። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ገደማ አንሥቶም አልጌን የሚያበዛውን ፎስፈረስ በኬሚካል የማስወገዱ ሥራ ተስፋፋ። ገንዘቡ በየዓመቱ ሲመደብ፣ ቧንቧው ሲጠገን፣ ውሃው ሲለካ ከአንድ ትውልድ በላይ አልፏል። ቀድሞ እስር ቤት በነበረባት በሎንግሆልሜን ደሴት ዳርቻ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሕፃናት ሲዋኙ፣ አያቶች ሣሩ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቋቸው አይተናል። ባለቤቴም ገባ፤ ውሃው ለሐዋሳ ሰው እጅግ ቀዝቃዛ ነው፤ ቢሆንም ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ ካየሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ይኸው ሐይቅ ለከተማዋ የመጠጥ ውሃ ይሰጣል።

ዳርቻውም ክፍት ነው። የኖቤል እራት በየዓመቱ የሚበላበት የከተማው ማዘጋጃ ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1923 ተመርቆ የተከፈተው ያ ግዙፍ የቀይ ጡብ ሕንፃ፣ በሜላሬን አፋፍ ላይ ቆሞ ሳለ ግቢው ለማንም የተከፈተ ነው፤ ሰው ደረጃው ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውሃው ያንጠለጥላል። በስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በአጠቃላይ ደንብ ከሐይቅና ከባሕር ዳርቻ 100 ሜትር ውስጥ አዲስ ግንባታ የተከለከለ ነው፤ ልዩ ፈቃድና ከከተማ ፕላን ጋር የተያያዙ ነገሮች ቢኖሩም፣ መነሻው ሐሳብ ዳርቻው የሁሉም ነው የሚል ነው።

ይህን ስሰማ ልቤ ወደ ሐዋሳ ሄደ። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ምሽት የሚንሸራሸረው ሕዝብ፣ አሞራ ገደል በጠዋት የሚሰለፈው ዓሣ ገዢ ሐይቁን ምን ያህል እንደሚወድ እናውቃለን። ግን ከዚያ ወዲያና ወዲህ ዳርቻውን ይዞ ልሂድ ያለ ሰው ብዙም ሳይርቅ አጥር ይገጥመዋል። በተጨማሪም የእኛ ሐይቅ ከስቶክሆልሙ በአንድ ነገር ይለያል፤ በጥቁር ውሃ በኩል ወንዝ ይገባለታል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ሜላሬን የገባበትን ወደ ባሕር ያሳልፋል፤ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የገባ ቆሻሻ ግን በአብዛኛው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ እኛ ከእነርሱ ይበልጥ መጠንቀቅ ያለብን ይመስለኛል፤ የምንጀምረውም ወደ ሐይቁ የሚገባውን ፍሳሽ ሁሉ በማጣራትና የቀረውን ዳርቻ ለእግረኛ በመተው ቢሆን እመርጣለሁ። ባለቤቴ የሚያስቀድመው ማጣሪያውን ነው፤ እኔ መንገዱን አስቀድማለሁ፣ ሰው በየቀኑ የሚያየውን ውሃ ቆሻሻ ሲሆን ዝም ብሎ አያልፍምና። በዚህ እስካሁን አልተስማማንም።

ለሚሄዱ ጥንዶች ጥቂት ነገር ልጨምር። ከአሮጌው ከተማ አጠገብ ካለው ስሉሰን ወደ ዩርጎርደን ደሴት የምትሄደው ጀልባ በአውቶቡስና በምድር ባቡር ትኬት ታሳፍራለች፤ ለብቻዋ አይከፈልባትም፤ ከተማዋን ከውሃ ላይ ለማየትም ከእርሷ የተሻለ አላገኘንም። ብዙ ሱቆች ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉምና የባንክ ካርድ ያስፈልጋል። ቫሳ ሙዚየም በዚያው ደሴት ላይ ስለሆነ ጠዋት በሩ ሲከፈት መግባት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በደሴቲቱ ዳርቻ በእግር መዞር ይቻላል፤ ለምሽቱ ነፋስ በሰኔም ቢሆን ጃኬት መያዝ ይገባል።