ሜይዌዘር ፈሪ ነበር?

ዛሬ ሐዋሳ ፒያሳ ፀጉር ቤት ተራ እየጠበቅን ክርክሩ በአሜሪካዊው ቦክሰኛ በፍሎይድ ሜይዌዘር ላይ ሆነ። አንዱ ወንድማችን "50 ድል፣ 0 ሽንፈት ምን ያደርጋል? ጠንካራ ሰው ሲመጣ የሚሸሽ ቦክሰኛ ነው" ብሎ ደመደመ። ይሄ በደል ነው፣ እዚያም አልኩ፣ እዚህም እላለሁ።

እስኪ እነማንን ገጠመ? በፈረንጆቹ 2001 እስከዚያ ቀን ሽንፈት የማያውቀውን ዲዬጎ ኮራሌስን አምስት ጊዜ ጥሎታል። በ2002 ሆሴ ሉዊስ ካስቲዮን በነጥብ ሲረታ "የተሸነፈው ሜይዌዘር ነው" ያሉ ብዙ ነበሩ። ታዲያ ምን አደረገ? በዚያው ዓመት ያንኑ ሰው ደግሞ ገጠመው! ፈሪ እንዲህ አያደርግም።

የፊሊፒንሱ ቦክሰኛ የማኒ ፓኪያዎ ነገር ግን ሌላ ነው። እዚህ ላይ የልጁ ንዴት ይገባኛል። ሁለቱን ለማጋጠም በ2009 መጨረሻ የተጀመረው ድርድር በአበረታች መድኃኒት የደም ምርመራ ጭቅጭቅ ፈረሰ። ሜይዌዘር ምርመራው በማንኛውም ጊዜ ይሁን ሲል ፓኪያዎ ፍልሚያው ሲቃረብ ደም አልሰጥም አለ፤ ስለዚህ ጥፋቱን ለአንድ ሰው ብቻ መስጠት ይከብደኛል። በ2015 ላስ ቬጋስ ላይ ሲገናኙ ሜይዌዘር 38፣ ፓኪያዎ 36 ዓመታቸው ነበር። ፓኪያዎ በሜክሲኳዊው ቦክሰኛ በማርኬዝ በዝረራ ከወደቀም ከሁለት ዓመት በላይ አልፎታል። ሜይዌዘር በሦስቱም ዳኞች አሸነፈ፣ ይገባዋል። እኔ ግን እስከዛሬ የሚቆጨኝ የ2010ሩ ፓኪያዎ ነው፤ ያ ግራ እጅ በዚያ ፍጥነቱ ሜይዌዘርን ያገኘው ነበር ወይ?