ኤችሲጂዬን በደብተር ስከታተል

አርግዤ 11ኛው ሳምንት ላይ ደም ታየኝ። ከዚያ በፊትም ማቅለሽለሹ ከልክ አልፎ ሆዴ ውሃ እንኳ አልቀበል ብሎ ነበር። አልትራሳውንድ ሲነሳ ፅንስ የለም። ስክሪኑን የሞላው የወይን ዘለላ የመሰለ ነገር ነው። ሞላር እርግዝና ይባላል፤ እንግዴ ልጁን የሚሠሩት ሴሎች ያለ ልክ ሲባዙ የሚመጣ። የደሜ ኤችሲጂ 214,000 ደርሶ ነበር።

ኤችሲጂ ያው የሽንት ምርመራው ላይ ሁለት መስመር የሚያወጣው ሆርሞን ነው። የሚያመነጩትም እነዚያው ሴሎች ናቸው። ማህፀኔ ከተጠረገ በኋላ ቁጥሩ አልወርድ ካለ፣ የቀረው ነገር እያደገ ነው ማለት ነው። ሙሉ ሞላር (እንደ እኔ ፅንስ ጭራሽ የሌለበት) ካጋጠማቸው 100 ሴቶች 15 እስከ 20 የሚሆኑት ላይ ወደ ዕጢ ይቀየራል። ቶሎ ከተደረሰበት ግን በመድኃኒት የሚድን ነው። ስለዚህ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁና በየማክሰኞው እየተመረመርኩ መጻፍ ጀመርኩ። 9,800፣ 1,460፣ 390፣ 140።

አምስተኛው ሳምንት ላይ የምመረመርበት ላብራቶሪ ሪኤጀንት (መመርመሪያው ኬሚካል) አልቋል አለኝ። ሰፈሬ ያለ ሌላ ቦታ ሄድኩ። ውጤቱ 188። እጄ ላይ ጥጡ ገና በፕላስተር እንደተለጠፈ፣ ወረቀቱን ደጋግሜ አነበብኩት። ያን ሌሊት እኔም ባለቤቴም አልተኛንም።

በማግስቱ ዶክተሬ መጀመሪያ የጠየቀኝ «የት ነው ያሠራሽው?» ብሎ ነው። የአንዱ ማሽንና ኪት ከሌላው ጋር እኩል አያነብም፤ ስለዚህ የሁለት ቦታ ውጤት አይወዳደርም። ደግሞም ጨመረ የሚባለው በተከታታይ ሳምንታት ሲጨምር እንጂ በአንድ ቁጥር አይደለም። ሪኤጀንቱ ሲመጣ እዚያው የቀድሞው ቦታ አሠራሁ፤ 71። ከዚያ ወዲህ ሳልደውል አልሄድም። እናንተም አንድ ቦታ ያዙ፤ ወረቀቶቹንም አትጣሉ።

የከበደኝ እናቴን ማስረዳት ነበር። «ልጄ፣ ቶሎ ሌላ ብታረግዢ ይረሳሻል» ትለኛለች። ለእኔ አዝና ነው። ደብተሩን ከፍቼ አሳየኋት። አሁን ባረግዝ ያው ሆርሞን እንደገና ይወጣል፤ ከእርግዝናው ይሁን ከበሽታው መለየት አይቻልም። የወሊድ መቆጣጠሪያ የምወስደው ለዚህ ነው ስላት ገባት። እንዲያውም ማክሰኞ ማክሰኞ «ስንት ሆነ?» ብላ የምትደውለው እሷ ሆነች።

ስምንተኛው ሳምንት ላይ ከ5 በታች፣ ማለትም ወደ ጤናማው ልክ ወረደ። በቃ ማለት ግን አይደለም። ሦስት ሳምንት በተከታታይ እንደዚያው መሆን ነበረበት፤ ከዚያ ደግሞ በየወሩ ለስድስት ወር። ጓደኞቼ «ድነሽ የለ እንዴ?» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ምንም አያመኝም። ግን ይሄ ነገር ቢመለስ ሕመም ሳይሰማኝ ቀድሞ የሚናገረው ደሜ ነው።

የፊታችን ማክሰኞ አምስተኛው ወር ነው። ሪኤጀንት መኖሩን ትናንት ደውዬ አረጋግጫለሁ።