ከላይ ቁልፍ፣ ከስር ቬልክሮ

አባባን ስትሮክ የመታቸው ጊዜ እግራቸው ቀስ በቀስ በምርኩዝ ተመለሰ። ግራ እጃቸው ግን እንደተንጠለጠለ ቀረ። እኔ ደሴ፣ ሸዋበር አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት ቁልፍ ስተክል፣ ቁልፍ ሁለት እጅ እንደሚፈልግ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም።

መጀመሪያ ከኋላ የሚከፈት ሸሚዝ ሰፋሁ። እማዬ ከኋላ ታስርላቸዋለች ብዬ ነው። አባባ አገላብጠው አዩትና "ይሄማ ኦፕራሲዮን ለሚገባ ሰው የሚያለብሱት ነው። ውሰድልኝ!" አሉ። ሁለት ቀን አኮረፉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የሰፋሁት ለሚያለብሳቸው ሰው እንጂ ለሳቸው አልነበረም።

ሱቄን ዘግቼ ግራ እጄን ከቀበቶዬ ጋር አሰርኩና ሸሚዝ ለመልበስ ታገልኩ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ "ሲለብሱ የማይታዘዘው እጅ ይቅደም፣ ሲያወልቁ መጨረሻ ይውጣ" ብላን ነበር። ይሄ ሠራ። ጉድ ያደረገኝ የቀኝ እጄ አንጓ ላይ ያለው ቁልፍ ነው። ደህናው እጅ የራሱን ቁልፍ እንዴት ብሎ ይቆልፍ? ቁልፉን በአጭር ላስቲክ ላይ ሰፋሁት። ተቆልፎ እያለ እጅ ያስገባል፤ ለውዱእም እጅጌው ወደ ላይ ይሰበሰባል። የግራውን እጅጌ ደግሞ ሰፋ አደረግኩት።

ለፊት ለፊቱ ያሰብኩት ቬልክሮ ነው፤ ያ የደም ግፊት መለኪያው ላይ ቸርር የሚለው ነገር። ከሰኞ ገበያ የሰልባጅ ጃኬት ገዝቼ ፈታሁ። ከአንገት እስከ ታች ወጥ አድርጌ ብሰፋው ደረታቸው ላይ ካርቶን ሆኖ ቆመ። በአራት በአራት ሴንቲ ቆርጬ አምስት ቦታ ብቻ አደረግኩት። ሻካራው ወደ ውጭ፣ ለስላሳው ወደ ገላ ይዙር፤ እኔ አዟዙሬው ደረታቸውን ፋቃቸው። ሲታጠብም ተዘግቶ ይታጠብ። ይሄን የተማርኩት የእማዬን ነጠላ አስበልቼ ነው፤ ክሩን መዞ መዞ ጨረሰው። ነጠላውን ተክቻለሁ፣ ወሬው ግን እስካሁን አልበረደም።

የነቀልኳቸውን ቁልፎች ቀዳዳዎቹ ላይ መልሼ ሰፋሁ። ከሩቅ ያው የድሮ ሸሚዝ ነው።

ሽርጡ ቀላል ነበር። በአንድ እጅ አጥብቆ መጠቅለል አይቻልም፣ ሲነሱ ይወርዳል። ወገቡን ላስቲክ አስገባሁበትና አለቀ።

ጁምዓ ዕለት ለብሰው ወጡ። ጎረቤታችን መንገድ ላይ አይቷቸው "ማሻአላህ፣ ቁልፍ መቆለፍ ጀመሩ እንዴ?" አላቸው። "አልሀምዱሊላህ" ብለው አለፉ። እኔን ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም። ማታ ሲያወልቁት ብቻ ከጓዳ ይሰማል፤ ቸርርር።