ውጭ አገር ሥራ ሲያዝ፦ መጀመሪያ ደረሰኙን እዩ
የኦዲት ወይም የማማከር ድርጅት ድንበር ሲሻገር ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በሙያው ሳይሆን በክፍያው ነው። የደንበኛው አገር ከውጭ አገልግሎት ክፍያ ላይ 15 በመቶ ግብር ቀንሶ የሚያስቀር ከሆነ፣ የ100,000 ዶላር ሒሳብ 85,000 ሆኖ ይገባል። ሙሉው እንዲደርስ ውሉ ላይ 117,647 መጻፍ ነበረበት፤ 100,000ን ለ0.85 ማካፈል ብቻ ነው። ከተፈረመ በኋላ ማን ይሰማል?

የቀን ቆጠራም አለ። የተባበሩት መንግሥታትን ሞዴል (ናሙና) የግብር ስምምነት ተከትለው አገሮች እርስ በርስ በተፈራረሟቸው ስምምነቶች፣ በ12 ወር ውስጥ ከ183 ቀን በላይ አገልግሎት የሰጠ ድርጅት ቢሮ ባይከፍትም በደንበኛው አገር በቋሚነት እንደሚሠራ ሊቆጠርና ትርፉ ሊታክስ ይችላል። የባለሙያዎችን መግቢያና መውጫ ቀን የሚመዘግብ ሰው መድቡ።

የሙያ ፈቃድ ሌላ ጣጣ ነው። የኦዲት ሪፖርቱን ማን እንደሚፈርም ከአገሬው ሸሪክ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።